የአባዬ ሦስተኛ እጅ

የሮቦት ክንዱ ትከሻውን ባነሳ ቁጥር መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት መርገብገብ ትጀምራለች። ግንኙነቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ክንዱም ሰላም ሊል እጁን ዘርግቶ የሰውየው ስም እንደጠፋበት ሰው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

«ሙሽሪት ዛሬም አኮረፈች?» አለች አክስቴ በበሩ ብቅ ብላ።

ሙሽሪት የምትለው የሮቦት ክንዱን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ሽር ጉድ ይልላታል፣ እሷ ግን አንድ ዕቃ አታነሳም፤ ከሙሽራ በምን ትለያለች ባይ ናት።

«አላኮረፈችም። ሬዲዮሽን ዝጊው፣ እትዬ።»

«ሬዲዮዬ ምን አደረገሽ?»

«አየሩን እየሞላብኝ ነው።»

«አየሩን የሞላው የአንቺ ምላስ ነው» ብላ ሄደች። ሬዲዮውን ግን ዘጋችው።

መብራቷ አሁንም ተርገበገበች። የኢንተርኔት ሳጥኑን ነቀልኩ። ስልኬን አጠፋሁ። መቆጣጠሪያውን ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ካለው፣ ትዕዛዙን ከሚቀበለው ሪሲቨር አፍንጫ ሥር ደቀንኩት። ትከሻው ብድግ፣ መብራቷ ጥፍት።

ይህን ክንድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ አስተማርኳት የሚል ካለ ምስክር ይዞ ይምጣ። ቀን ቀን ገበያው መግቢያ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ የስልክ ስክሪን እቀይራለሁ። «እህት፣ ባለሙያው የለም?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። «ባለሙያዋ ፊትህ ቆማ ትዕግስቷ እያለቀ ነው» እለዋለሁ። የክንዱን አጥንት ካርቶን ውስጥ ተበታትኖ ከሚሸጥ መጫወቻ አገኘሁት፤ ጡንቻውን፣ ማለትም ሞተሮቹን፣ የራሴን አደረግኩበት፤ መቆጣጠሪያው ሰዎች ኳስ የሚጫወቱበት ገመድ አልባ ጆይስቲክ ነው።

የሠራሁት ለአባዬ ነው። አባዬ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው። ከቤታችን ተነስቶ እስከ አደባባዩ ድረስ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ያሳረፈበት ፊደል ሁሉ ከሱ ብሩሽ የወጣ ነው፤ የመድኃኒት ቤቱ፣ የጫማ ሰፊው፣ የፀጉር ቤቱ። ከሕመሙ ወዲህ ግን ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ብሩሽ ሲይዝ ጫፉ እንደ ዝንብ ክንፍ ይርገበገባል። ግራው ደግሞ ድሮም የቀለም ጣሳ ከመያዝ ያለፈ ሥራ አልለመደም።

ፊት ለፊታችን ያለችው ልብስ ሰፊ ሱቋን አስፍታ ቅዳሜ ልትከፍት ነው። «ጋሼ ካልጻፉልኝ አልሰቅልም» ብላ ብዙ ጠበቀች። አሁን ግን ማተሚያ ቤት ያሠራችው የፕላስቲክ ሰሌዳ ተጠቅልሎ በሯ ጥግ ቆሟል። እስከ ቅዳሜ ካልደረስን የሚሰቀለው እሱ ነው። አባዬም ቁርጡን ነግሮናል፤ ይህን ሰሌዳ ካልጻፈ ብሩሾቹን የድሮ የሥራ ጓደኛው መጥቶ ይወስዳቸዋል። ሲነግረን ድምፁ አልተለወጠም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። አባዬ ሲቆጣ ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ተስፋ ሲቆርጥ ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፣ በር እንኳ ሳያንኳኳ ይወጣል።

ያሰብኩት ክንዱ ብሩሹን እንዲይዝ፣ አባዬ ደግሞ በሁለት አውራ ጣቶቹ እንዲመራው ነው። ይኸው ነው። መጀመሪያ ግን ትከሻው ሲነሳ መብራቷ መጥፋቷን ማቆም አለባት።

የአባዬ ክፍል መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትገባና መደርደሪያው ላይ ያሉትን የቀለም ቆርቆሮዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰች ታልፋለች። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚናገር ሰው ድምፁ ከውሃ በታች የሚመጣ ይመስላል። አባዬ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የማይታዘዘውን እጁን በሌላኛው ደግፎ ይቀመጣል።

«ተኝተሃል?» አልኩት።

«እኔ እንጂ እጄ አልተኛም። እጄ ከተኛሁ በኋላ ነው የሚሠራው። ቅድም መንገዱን ሁሉ ጻፈው። ሰሌዳ አልነበረም፣ አየሩ ላይ ነው። ፊደሎቹ ሳይደርቁ ወርደው ሄዱ።»

«ወዴት?»

«የት አውቃለሁ። መ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሁለት ዓይን ያላት እሷ አይደለች እንዴ?»

አባዬ ስለ ፊደል ሲያወራ እንዲህ ነው፤ የጎረቤት ሐሜት ይመስላል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አመጣሁና ሁለቱን መርፌዎች ሪሲቨሩ ባትሪ ላይ ሰካሁ። ክንዱ ሲተኛ ቁጥሩ ሙሉ ነው። ትከሻውን ሳነሳ ቁጥሩ ደረጃ እንደሳተ ሰው ወደ ታች ተንደረደረ፤ መብራቷም ጠፋች።

ገባኝ። አየሩ ምንም አላደረገኝም። ትከሻውና ሪሲቨሩ ከአንድ ባትሪ ነው የሚጠጡት። ትከሻው ሲሸከም በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፣ ሪሲቨሩ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሲነቃ ደግሞ መቆጣጠሪያውን እንደ አዲስ ሲፈልግ ይውላል። እኔ እዚህ ሬዲዮ ስከስ ቆይቻለሁ።

«እትዬ፣ ሬዲዮውን ክፈቺው» አልኩ።

«ነፃ ወጣ?»

«ነፃ ወጣ።»

«ይቅርታ የሚባል ነገር ነበር ድሮ።»

«ለሬዲዮው እነግረዋለሁ።»

መፍትሔው ለሞተሮቹ የራሳቸውን ባትሪ መስጠት ነው። ለዚያ አዲስ የሽቦ ጥቅል ሠራሁ፤ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ። ነጩ ሥራ የለውም፣ አንዱ ቢበጠስ ብዬ ለመጠባበቂያ በባዶው የተውኩት ነው። እኔ ሽቦ የምገዛው በቀለም ሳይሆን ባገኘሁት ነው፤ የማልለውጠው አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ጥቁር ሁልጊዜ ግራውንድ ነው። ግራውንድ ማለት ዕቃው ሁሉ ከፍታውን የሚለካበት ወለል ነው። ሁለት ባትሪ ካለ ሁለቱ አንድ ወለል ላይ መቆም አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ የሚናገረውን ሌላው አይሰማም።

የጥቅሉን አንድ ጫፍ ሞተሮቹ ላይ በየድኩ። ሌላውን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፤ ባትሪው ሱቅ ውስጥ ነበርና።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ቀዩን ለባትሪው፣ ጥቁሩን ለጥቁር፣ የቀሩትን በየቦታቸው። አበራሁት። ሰማያዊዋ መብራት ፍንክች ሳትል ቆመች። ትከሻውን አነሳሁ፤ መብራቷ አልጠፋችም። መቆጣጠሪያውን አስቀምጬ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አክስቴን ለመጥራት አፌን ከፈትኩ።

ክንዱ ማንም ሳይነካው ቀና አለ።

ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እዚያ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል ትንሽ አደመጠ፤ ጣቶቹን ከፍቶ ገጠመ፤ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በእንቅልፉ እንደሚወራጭ ሰው አንገቱን ዘንበል፣ ክርኑን ነቅነቅ አደረገ።

«ሕልም እያየች ነው» አለ አባዬ።

«የእኔን መቃጠል ነው የምታየው።»

ፕሮግራሙን ደግሜ ጫንኩ። ሞተሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ሰካሁ። የበየድኩትን ሁሉ አቅልጬ እንደገና በየድኩ። ክንዱ ግን በራሱ ዓለም ነው። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ጣቱን አውርዶ አቧራው ላይ አንድ የተጠማዘዘ ነገር ጻፈ፣ አጠፋው፣ ሌላ ጀመረ። ብርሃኑ ውስጥ የተነሳው አቧራ እንደ ወርቅ ዱቄት ዙሪያውን ሲንሳፈፍ እኔ ራሴ ለምን እንደተቀመጥኩ ረሳሁ። አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ ይከታተል ነበር። ሦስታችንም አንድ ሕልም ውስጥ የገባን ይመስል ነበር፤ ያልታደልኩት ግን እኔ ነኝ፣ መንቃት ያለብኝ።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምንም። ትዕዛዙ አልሰማት ብሎ ነው። ወለሉ አንድ ካልሆነ...» አልኩና ከአፌ የወጣውን ራሴው ሰማሁት።

ቴስተሩን ወደ ድምፁ አዞርኩት። ሁለት ነጥብ ከተገናኘ ይጮሃል። አንዱን መርፌ የሪሲቨሩ ጥቁር ላይ፣ ሌላውን የሞተሮቹ ግራውንድ ላይ አደረግኩ። ዝም አለ። እንደገና ሞከርኩ። ዝም። ጥቁር ከጥቁር ጋር በይጄ እንዴት ዝም ይላል? ጥቅሉን አንስቼ ጥቁሯን ሽቦ ወደ ብርሃኑ ያዝኩ። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኳት። ጥቁሩ እንደ ቅርፊት ተነሳና ከሥሩ ነጭ ወጣ።

«አባዬ።»

«ምነው ልጄ።»

«ይህ ሽቦ ትናንት ነጭ ነበር።»

«ነበር።»

«ዛሬ ጥቁር ነው።»

«አዎ፤ ተስተካከለ።» ወደ መደርደሪያው በአገጩ አመለከተ። «ቆርቆሮዎቼን እያቸው። ከነጭ ተነስተው ወደ ጥቁር አይደል የሚሄዱት? አንቺ ጥቁሩን ከቢጫና ከቀይ መሃል ደንቅረሽው፣ ነጩን ደግሞ ጫፍ ላይ አንጠልጥለሽው ሄድሽ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ሲወጋኝ ዋለ። ከቢጫና ከቀይ መሃል የሚቀመጠው ብርቱካንማ ነው። መጨረሻው ጥቁር።»

ጥቅሉን አየሁት። ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። እንደ ማታ ሰማይ ቁልቁል ይፈሳል። ግራውንዴ ብርቱካንማ ሆኗል፤ ሥራ የሌለው ሽቦ ጥቁር ለብሶ ቦታውን ይዟል።

«አባዬ፣ ሽቦ ጌጥ አይደለም። ቀለሙ ስሙ ነው። የሰውን ስም ቀይረህ ስትጠራው ለምን አይመጣም ትላለህ? ከሰዓቱን ሙሉ ያቃጠልኩት ለዚህ ነው? ለአንተ ብዬ እኮ ነው ጎኔ የጎበጠው፤ ሳትጠይቀኝ ለምን ትነካለህ?»

ደጋፊው እጅ የሚንቀጠቀጠውን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። «አላወቅኩም» አለ።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አንቺስ ብትሆኚ» አለችኝ፤ «ቀለሙ ሲለወጥ ያላየሽው ዓይንሽን ለማን አውሰሽ ነው?»

እውነቷን ነው። ጥቁር ፈለግኩ፣ ጥቁር አገኘሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማየት አቆምኩ። በሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ባይ ደህና አድርጌ ነበር የምሰድበው።

ብርቱካንማዋን ሽቦ በጣቶቼ መሃል አሳለፍኳት፣ መፋቅ ስላለባት። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ቀለሙ ለስላሳ ነው። የተንጠባጠበ የለም፣ የተዘለለ የለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ፋብሪካ ሥራ አንድ ወጥ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን እንዴት ቀባው?

«በምን ቀባኸው?»

አክስቴ ናት ጥግ ላይ ወዳለው ሞርሳ በዓይኗ የጠቆመችኝ። የብረቱ መንጋጋ መሃል ቀጭኗ ብሩሽ ፀጉሯን ወደ ላይ አድርጋ ተነክሳ ቆማለች፤ ሥሯ ጣሳ ክዳን ላይ ጠብታ ብርቱካንማ።

«ብሩሹን አቆምኩትና ሽቦውን ጎተትኩበት» አለ ቀስ ብሎ። «የሚሄደው እጄ ከሆነ ያበላሻል። የሚቀባው ነገር ቢሄድ ግን... ብሩሹ አይንቀሳቀስ እንጂ ሽቦው ቢንቀጠቀጥም ቀለሙን ይወስዳል።»

«ሳይበላ ነው የዋለው» አለች አክስቴ። «በሩን ዘግቶ ያፏጫል። እኔ ደግሞ ምን አገኘ ብዬ።»

ከሕመሙ ወዲህ አባዬ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም። ቁጣዬ የሚቀመጥበት አጣ፤ ትንሽ ዞረና ወጣ። ይቅርታ ማለት ለእኔ ሸሚዝ ገልብጦ እንደ መልበስ ነው፣ አንገቱ ጋ ይይዘኛል። ስለዚህ ብርቱካንማዋን ጫፏን ብቻ ፋቅኩና ቀሪውን ሳልነካ ከሪሲቨሩ ጥቁር ጋር በየድኳት። ጥቁር ለብሶ የቆመውን ውሸታም ነቀልኩት።

«ብርቱካንማው ያምራል» አልኩ ወደ ሽቦው እያየሁ።

«ቀይ ጠብታ ጨምሬበት ነው» አለ አባዬ።

ቴስተሩ ጮኸ። ክንዱን አበራሁት። አንዴ ተንፍሶ ጸጥ አለ፤ ትኩሳቱ እንደለቀቀው ሕፃን። መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው ነካ አለ፣ ስተወው ተወ።

ዓርብ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ሰሌዳዋን አስገባችልን። ነጭ ተቀብቶ የደረቀ፣ ከበሩ የሚረዝም ጣውላ ነው። የክንዱ ርዝመት ከአንድ ፊደል ስለማያልፍ እኔና አክስቴ ግራና ቀኝ ይዘን እንድንገፋው አባዬ አዘዘን። የሽቦው ዘዴ ነው፤ ብሩሹ በቦታው ይሆናል፣ ሰሌዳው ይሄዳል።

መቆጣጠሪያውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አውራ ጣቶቹ ወዲያው መርገብገብ ጀመሩ። ለዚህ ግን ተዘጋጅቻለሁ፤ ትንንሾቹን እንቅስቃሴ ጣል፣ ትልልቆቹን አሳልፍ ብዬ ለፕሮግራሙ ነግሬዋለሁ። የሚጣለውን መጠን የሚወስን አንድ ቁጥር አለ፤ ያን ቁጥር እስክደርስበት አሳሬን አይቻለሁ። የአባዬ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ክንዱ ግን ለጥ ብሎ ይሄዳል። ብሩሹ ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ወጣ፣ ሰሌዳው ላይ ወረደ፣ የመጀመሪያዋን ል ጻፈ።

ቀጥ ያለች፣ እኩል የሆነች፣ እንከን የሌላት ል።

«ሙሽሪት ሠራች» አለች አክስቴ።

አባዬ ፊደሏን ለረጅም ጊዜ አያት። ተጠግቶ አያት። ራቅ ብሎ አያት።

«ይህ የማን ነው?» አለ።

«ያንተ ነዋ።»

«የእኔ አይደለም። ይህ እዚያ ተጠቅልሎ የቆመው ፕላስቲክ ነው።» መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አኖረው። «እንዲህማ ከሆነ እሱ ይሰቀል። አስቀድሞ ተከፍሎበታል።»

ያን ሁሉ የሠራሁት፣ ያን ሁሉ ያቃጠልኩት፣ እንከን የሌለው ፊደል ቢወጣ ደግሞ እንከን የለውም ተብሎ ተጠላ። ለመናገር ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ሁሉም ስለት ያለው። አባዬ ግን ቀድሞኝ ጠየቀ፤

«መንቀጥቀጤን የት ጣልሽው?»

«ክንዱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ አስቀረሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ትንሽ መልሺልኝ።»

«አባዬ፣ ከመለስኩልህ መስመሩ ይዋዥቃል።»

«ይዋዥቅ። ድሮስ መቼ ቀጥ ያለ መስመር ጽፌ አውቃለሁ? ሰው ቀጥ ያለ መስሎት ነው። የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ ሄደሽ እዪው፤ አንዷም መስመር ቀጥ አላለችም። ሁሉም ግን የቆመው በራሱ እግር ነው።»

የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ሳስታውሰው እውነትም መስመሮቹ ይተነፍሳሉ። ላፕቶፑን ከፈትኩና ያን የተከበረ ቁጥሬን ቀነስኩት። ትንሽ። አባዬ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ፊደሏን ጠርጎ አጠፋት።

«ሞክር» አልኩት።

ሞከረ። «መንቀጥቀጡን ትንሽ ጨምሪልኝ» አለ። ጨመርኩለት። እንደገና ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ፤ በዚህኛው ጨርቁን አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሰዓት ልነግራችሁ አልችልም። ፀሐይዋ ቢጫ ሆና ጣውላውን ሞላችው። አክስቴና እኔ እንገፋለን፣ ክንዱ ጎንበስ ቀና ይላል፣ አባዬ ያፏጫል። አልፎ አልፎ «ቀስ በይ» ይላል፤ ለእኛ ይሁን ለክንዱ አይታወቅም። ል ወጣች፣ ብ ከጎኗ ቆመች፣ ስ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተከተለቻት። መስመሮቹ ጠርዛቸው ላይ ስስ ሞገድ አላቸው፤ ኩሬ ዳር ጎንበስ ብሎ ከሥር ያለ ጠጠር እንደ ማየት ነው። ቀና ብዬ አባዬን ሳየው ዓይኑ ጣቶቹ ላይ አልነበረም። ድሮ መሰላል ላይ ቆሞ እንደሚያደርገው ብሩሹ ጫፍ ላይ ነበር፤ እጁ የራሱ ይሁን የብረቱ ረስቶታል።

የመጨረሻዋ ት ስታልቅ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች። «ልብስ ስፌት» የሚለውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ሦስት ጊዜ የሚነበብ ነገር ያለው ይመስል ደገመችው።

«ጋሼ» አለች፤ «ፊደሎቹ ውሃ ውስጥ የተኙ ይመስላሉ።»

«ጨርቅ አትሰፊም እንዴ?» አላት አባዬ። «ጨርቅ ንፋስ ሲነካው እንዲህ አይደል የሚሆነው?»

እየሳቀች እጇን ወደ ጣውላው ዘረጋች። «በሉ ልውሰደውና ልስቀለው። ያን ፕላስቲክ ለዝናብ ጊዜ መጋረጃ አደርገዋለሁ።»

«እንዳትነኪው» አለ። «ገና ነው። ሁለተኛውን ቀለም ነገ ጠዋት አስነካዋለሁ።»

«ነገ እኮ መክፈቻዬ ነው።»

«እንግዲያው በጠዋት ነያ። መሰላልም ይዘሽ ነይ፤ እኔው ነኝ የማሰቅለው፣ አጣምመሽ ነው የምትሰቅይው።»

ነገ ሲል ሰማሁት። አክስቴም ሰማችው፤ ሻሿን ታስተካክላለች መስላ ፊቷን አዞረች። እኔ ክንዱን አጥፌ ብሩሹን ከጣቶቹ አወጣሁና ለመሙላት ሁለቱን ባትሪዎች ነቀልኩ። በሩ ጋ ስደርስ አባዬ ጠራኝ።

«ያንን ቁጥር እንዳትነኪው።»

«ማን ይነካዋል?» አልኩት።